ወደ ግራ የሚያደላው ፒክአፕ

ፒክአፑን ከፍ ያስደረገ ሰው መንገድ ላይ ስታዩ አትቅኑበት። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያያችሁ ንቋችሁ አይደለም፤ መኪናው ወዴት ሊወስደው እንደሆነ ስላላወቀ በዓይኑ እየተማጸናችሁ ነው። ይህን የምለው ወሬ ሰምቼ ሳይሆን እዚያው ላይ ተቀምጬ፣ መሪውን አንቄ፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ ስላየሁት ነው።

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። ቅድመ አያቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ ከእሱ ወዲህ ያለን ሁሉ ወይ የመንግሥት ደመወዝተኞች ወይ የመንግሥት ጡረተኞች ነን። እኔም ቢሮ እሠራለሁ። ሥራዬ የሰውን ማመልከቻ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ማሳለፍ ነው። ከቤቴ እስከ ቢሮዬ ያለው መንገድ አስፋልት ነው። ወንዝ የለበትም፣ ጭቃ የለበትም፣ ቋጥኝ የለበትም። መኪናዬን የሚፈትን ነገር ቢኖር ትምህርት ቤቱ ፊት ያለችው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ናት፤ እሷንም በግ ሳይቀር እያዛጋ ይሻገራታል። እንግዲህ እንዲህ ያለ መንገድ የሚመላለስ ሰው ፒክአፑን ከፍ የሚያስደርገው ለምንድን ነው ብትሉ፣ መልሱ ጌታሁን ነው።

ጌታሁን የባለቤቴ የሰናይት ታናሽ ወንድም ነው። ሙያው ምክር ነው። ደመወዝ የለውም እንጂ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆሞ ፒክአፔን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣

“ጋሼ፣ ይሄ ፒክአፕ ነው ወይስ እንሽላሊት?” አለኝ።

“ምን ሆነ?”

“ሆዱ መሬት ሊነካ ነው እኮ! ከፍ አስደርገው እንጂ፤ ሰው ይይህ።”

ሳቅኩበት። ግን በማግስቱ ከቢሮ ስወጣ አንዱ ከፍ ያስደረገውን ፒክአፕ ከእኔው ጎን አቁሞታል። ያ ሽቅብ ቆሞ የእኔ ለይቅርታ የተንበረከከ ይመስላል። እዚያው ላይ አእምሮዬ ጥሎኝ ሄደ። ቤት ገብቼ ለሰናይት ነገርኳት።

“ከፍ ብለህ ምን ልታይ ነው?” አለችኝ።

መልስ አጣሁ። መልስ ያጣ ባል ደግሞ የሚሄደው ወደ ጋራዥ ነው።

ኤረር በር አካባቢ ዘውዱ የሚባል ሰው አለ። ጋራዤ የሚለው የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ የብየዳ ማሽን እና ከሥሩ ወጥተው የማያውቁ የሚመስሉ አሮጌ መኪኖች ናቸው። መኪኖቹን አይቼ መመለስ ነበረብኝ። አንድም ተነስቶ የሄደ መኪና በሌለበት ግቢ መኪናዬን ይዤ መግባቴ ምን ያህል ብልህ እንደሆንኩ ይናገራል።

“ምን ያህል ላንሳልህ?” አለኝ ዘውዱ።

“እንደ ሰው አድርግልኝ።”

ከአንድ የፈረሰ ወፍጮ ቤት የተረፈ ወፍራም ብረት ቆራርጦ መኪናውን ከሚሸከመው ከየባሌስትራው ጋር በብሎን አሰረው፤ ከፊት ደግሞ ምን ምኑን እንዳጠበቀ እንጃ፣ ፒክአፑ እያቃሰተ ተነሳ። እውነቱን ልናገር፤ ልቤም አብሮ ተነሳ። ብቻ አንድ ነገር ሰምቼ ነበርና እንደ አዋቂ ጠየቅኩት።

“አላይመንቱስ?”

አላይመንት ማለት ጎማዎቹ እርስ በርስ ተስማምተው ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዞሩ ማድረግ ነው። መኪና ከፍ ሲል ጎማዎቹ ይኳረፋሉ፤ የሚያስታርቃቸው ያስፈልጋል። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ዘውዱም የሚያውቅ አልመሰለኝም።

“እሱ በራሱ ይገባል” አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። “ስትነዳው ይለምዳል።”

“ማን?”

“ጎማው።”

አመንኩት። አዲስ ጫማ ይለምድ የለ? ጎማም ይለምዳል ብዬ ተነሳሁ።

ኤረር በርን ትቼ በአሮጌው ከተማ ግንብ ዙሪያ ወደ ሸዋ በር ስሄድ ከተማው በሙሉ ከሥሬ ሆኖ ታየኝ። የባጃጆችን ጣሪያ ዓይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አየሁ፤ አቧራ ብቻ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ሰላም ሊለኝ አንገቱን ሲያቀና ደስ አለኝና አንድ እጄን ከመሪው አንስቼ አወዛወዝኩለት። ይህን ጊዜ ፒክአፑ ወደ ግራ ሄደ።

መሪው ቀጥ ብሏል፤ መኪናው ግን ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ስጎትተው እሺ ይላል፤ ትንሽ ፈታ ሳደርግለት እዚያ ማዶ ዘመድ ያለው ይመስል ተመልሶ ወደ ግራ። እንዲህ ስንጓተት ሸዋ በር ገበያ ደረስን። እዚያ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ፒክአፑ መንገዱን ተሻግሮ የፊት ጎማውን መሬት ከተዘረጋ ድቁስ በርበሬ ላይ አሳረፈው። ፍሬኑን ስረግጥ ጎማው ተንሸራትቶ ያን በርበሬ ለንፋስ ሰጠው። ገበያው በአንድ ድምፅ አነጠሰ።

የበርበሬዋ ባለቤት ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ይዛ በመስኮቴ ሥር ቆመች። ቁመቴ ስለጨመረ ጭንቅላቷ ብቻ ነው የሚታየኝ።

“ያ አላህ! አንቺ ሰውዬ፣ መንገዱ ጠፋሽ?” አለችኝ።

በእኛ አገር ወንዱን “አንቺ” የሚሉት ሲወዱት ነው፤ ሲንቁትም ነው። ያን ዕለት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም።

“መኪናው ነው፣ እህቴ። ወደ ግራ ይስባል።”

“ወላሂ! መኪናው ሲስብ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ተሳፋሪ ነሽ?”

ሕዝቡ እያነጠሰ ሳቀ። አንድ ባለ ባጃጅ ደግሞ ዓይኑን እያሸ “አቦ፣ ተዪው፤ ከላይ ሆኖ መሬቱ አይታየውም” ብሎ አስታራቂ ሆነልኝ። በርበሬዋን ካስኩና እየታገልኩ ቤቴ ገባሁ። ሰናይት በር ስትከፍት አነጠሰች።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የእኔ ውርደት ብቻ ነበር፤ በራሴ ውርደት ደግሞ መኖር እችልበታለሁ። ችግሩ አማቼ ናቸው። እትዬ የሺመቤት፣ የሰናይት እናት፣ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። ድሬዳዋ ላለው የዓይን ሐኪም ቤት ወረፋ ጠብቀው፣ ጠብቀው፣ በመጨረሻ ቀጠሮ ደረሳቸው። ይህ ካመለጠ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ሐኪሙም አያውቅም። እኔም መኪናው ገና እንሽላሊት ሳለ “እማማ፣ እኔ ነኝ የማደርስዎት” ብዬ ምዬ ነበር።

ከሐረር ድሬዳዋ ለመውረድ ደግሞ ደንገጎን ማለፍ ግድ ነው። ደንገጎን የማታውቁ ካላችሁ፣ መንገዱ ከተራራው ጫፍ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው የሚወርድበት ነው፤ ባንዱ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል ገደል፣ በመሀል ደግሞ ሽቅብ የሚያቃስት የጭነት መኪና። ወደ ግራ የሚሄድ ፒክአፕ እዚያ መንገድ ላይ የሚደርስበት ቦታ ብዙ አይደለም፤ ሁሉም የመጨረሻ ነው።

“በሚኒባስ ብንሄድስ?” ብዬ ነበር በዘዴ።

“አማቼ መኪና እያለው?” አሉ እትዬ የሺመቤት። “የማኅበር ሴቶች ምን ይሉኛል? ሁሉም ሰምተዋል እኮ በአንተ መኪና እንደምሄድ።” ሁሉም የሰሙት ከራሳቸው ከእትዬ የሺመቤት ነው።

ስለዚህ አላይመንት ፍለጋ ወጣሁ።

በቅድሚያ ወደ ዘውዱ ተመለስኩ። “አለመደም” አልኩት። ጎማውን ታዘበው። ከዚያ የልብስ ሰፊ ክር አምጥቶ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ወጠረ፤ በሆዱ ተኝቶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትንፋሹን ዋጠ። እኔም አብሬው ዋጥኩ። እዚህ ጋ ጠበቅ፣ እዚያ ጋ ላላ አደረገ።

“ቀጥ ብሏል” አለ ተነስቶ።

“መኪናው?”

“ክሩ።”

እውነቱን ነው። ቀጥ ያለው ክሩ ብቻ ነበር። ፒክአፑ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ወደ ግራ ባሰበት፤ የተማከረበት ይመስል።

ቀጥሎ ኮምፒውተር አላይመንት ያለው ሰው ጋ ሄድኩ። ሰውየውን ሁሉም “ኢንጂነር” ይለዋል። ምን እንደገነባ ግን የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ስሄድ መብራት የለም። እንደገና ስሄድ መብራት አለ፤ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ሰው ጅጅጋ ሄዷል። ሰውየው ከጅጅጋ ሲመለስ እኔ ከደጁ ቆሜ ጠበቅኩት። በየጎማው ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ሰቀሉ። ስክሪኑ በራ። ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆነ።

“ቀይ ምን ማለት ነው?” አልኩት።

ኢንጂነር መነጽሩን አወለቀ። ይህን ሲያደርግ ሐኪም ይመስላል፤ ለዚሁ ነው የሚያወልቀው። “ጥሩ አይደለም ማለት ነው።”

“እሱን ሳልመጣም አውቀዋለሁ። አስተካክለው እንጂ።”

“ወንድሜ፣ ይህ መኪና ከፍ ብሏል።”

“አዎ።”

“ኮምፒውተሩ ደግሞ ከፍ ያለ መኪና አያውቅም። መኪናውን አላወቀውም።”

“እኔ እነግረዋለሁ፣ ፒክአፕ ነው።”

ራሱን ነቀነቀ። ለማጽናኛ ጎማዎቹን ንፋስ ሞላልኝ። በደንብ የተነፉ ጎማዎች ይዤ ወደ ግራ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ነው ጌታሁን ምክሩን ይዞ ብቅ ያለው። በቀኝ በኩል ሸክም ብናደርግበትስ አለ። አንድ ጆንያ አሸዋ ከቀኝ ወንበር ላይ አስቀመጥን፤ ትንሽ ተሻለው፣ ግን አልበቃም። ሌላ ጆንያ ስንጨምር የወንበሩ ልብስ ተተረተረ። አሸዋውን አውርደን፣ እኔም ጌታሁንን ከነምክሩ አባርሬ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ የሺመቤት ከግንቡ ውስጥ ጊደር መጋላ ገበያ የሚገዙት ነገር አላቸውና ሸዋ በር ድረስ አድርሰኝ አሉ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። እትዬ የሺመቤት ሙሉ ሴት ናቸው፤ በወጣትነታቸውም ቀጭን ነበሩ የሚል ምስክር የለም። ፒክአፑ ከፍ ስላለ ለመውጣት በርጩማ አመጣንላቸው፤ ከላይ ሰናይት ጎተተች፣ ከታች ጌታሁን ደገፈ፣ እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ አማች የሚያየው ነገር አልነበረም። ቀኝ ወንበር ላይ ተደላድለው “ንዳ” አሉ።

ነዳሁ። ቀጥ ብሎ ሄደ።

አላመንኩም። መሪውን ፈታ አደረግኩ። ቀጥ። አስፋልቱን እንደ ገመድ ይዞ ይሄዳል። ሸዋ በር ሲወርዱ ለሙከራ ትንሽ ፈቀቅ አልኩ፤ ወደ ግራ። ተመልሰው ሲሳፈሩ፤ ቀጥ። በዘውዱ ክርና በኢንጂነር ኮምፒውተር ያልተገኘው አላይመንት በአማቼ ተገኘ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሐረር ከተማ ከእኔ የበለጠ አማቹን የሚያከብር ሰው አልነበረም። ገበያ ልውሰድዎት፣ ቤተ ክርስቲያን ላድርስዎት፣ ለቅሶ አለ አሉ፣ አብረን እንሂድ። ቢሮ ስሄድ ሳይቀር “አየር ይቀበሉ” እያልኩ አሳፍራቸው ነበር። ሽንኩርት በብዛት ሲገዙ ደስ ይለኛል፤ ሽንኩርቱም በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። ጾም ሲሆን እንዳይከሱ ሰግቼ ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ አመላልስላቸው ነበር።

“ልጄን የሰጠሁት ለሰው ነው” ይሉ ነበር ለማኅበር ሴቶች። “የገዛ ልጄ ጌታሁን እንኳ እንዲህ አያስበኝም።” ሴቶቹም ለየአማቾቻቸው ስሜን እየጠሩ እንደሚወቅሱ ሰማሁ። በሰፈራችን የሚጠሉኝ ወንዶች የበዙት በዚያ ሰሞን ነው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት በቀኝ ተቀመጡ። ጌታሁን ለጥንቃቄ ከኋላ በቀኝ ተቀመጠ። አወዳይ ላይ ጫት የተሸከመ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ በመሀሉ ቀጥ ብዬ አለፍኩ። ሐረማያን ቀጥ ብዬ አለፍኩ። ደንገጎ ጫፍ ደርሰን ቆላው ከታች ወለል ብሎ ሲታይ ልቤ ትንሽ ረጋ። የጌታሁን ልብ ግን ከመጠን በላይ ረጋ።

“እማዬ” አለ ከኋላ፣ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ፣ “አንቺ ባትወፍሪ ኖሮ ዛሬ ገደል ገብተን ነበር እኮ!”

“ምን አልክ?”

በመስታወቱ ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ጌታሁን ዓይን የሚያነብ ሰው አይደለም። ስለ በርበሬው፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ቀዩ ኮምፒውተር አንድ በአንድ ተረከላቸው፤ ግኝቱንም የራሱ አስመስሎ አቀረበው። ሲጨርስ፣

“አቁም” አሉኝ።

“እማማ፣ እዚህ ጋ መቆም ጥሩ—”

“አቁም አልኩህ!”

ዳር ይዤ አቆምኩ። በሩን ከፍተው ማንንም ሳይጠብቁ፣ ያለ በርጩማ፣ በወንበሩ ጠርዝ ተንሸራተው ወረዱ። መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ዳብሰው አገኙና ተቀመጡበት።

“ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ” አሉ።

“እማማ፣ እንደሱ አይደለም—”

“ምንህ ነኝ?”

“እናቴ ነዎት።”

“እናቱን በጆንያ ፋንታ የሚጭን አለ? ጆንያ አጥተህ ነው እኔን የያዝከው?”

መቼም አፍ የራሱ አላይመንት ያስፈልገዋል። “ኧረ ጆንያም ሞክሬ ነበር” አልኩ። “አልበቃም።”

ጌታሁን ሊስቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። ከአለቱ ላይ አንድ ዝንጀሮ ሦስታችንንም እያየ ይታከካል። ቁልቁል የሚወርዱ ሚኒባሶች ጢም ብለው ያልፋሉ። ፀሐይዋ ከፍ እያለች፣ ቀጠሮው እየቀረበ ነው። እትዬ የሺመቤት ፊታቸውን ወደ ገደሉ መልሰው ጥቂት ተቀመጡ። ገደሉ ግን አይታያቸውም፤ የሚያዩት ነጭ ጭጋግ ነው።

“ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስትወስደኝ” አሉ ቀስ ብለው፣ “እኔ እኮ ወድዶኝ ነው ብዬ ነበር።”

እዚህ ላይ ቀልዴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ከጎናቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሱሪዬ አቧራ ለበሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ካለው መኪናዬ ይልቅ ዝቅ ያለ ቦታ ተመቸኝ።

“መጀመሪያ ዓይንዎ ይታይልን” አልኩ በመጨረሻ። “ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ።”

ተነሱ። በርጩማውን ጠየቁ።

መንገዱን ስንጀምር ገና ሁለተኛው ኩርባ ላይ እንዲህ አሉኝ። “እኔ ወደ አንተ ሳዘነብል ምን ይሆናል?”

“እንዳያዘነብሉ፣ እማማ፣ አደራ—”

አዘነበሉ። ሙሉ ትከሻቸው እላዬ ላይ አረፈ፤ ፒክአፑም ሲጠብቅ የኖረውን ያህል ወደ ግራ ተወረወረ። ከፊታችን የሚመጣው የጭነት መኪና ጡሩንባውን አጮኸው።

“እማማ!”

“ገባኝ” አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። መኪናውም ተመለሰ። ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት ዓይቼው የማላውቀው ደስታ ነበር። “ሰናይት ለበዓል እኔ ጋ ታድራለች።”

“ታድራለች!”

“አንተም ታድራለህ።”

ትንሽ ዘገየሁ። ትንሽ አዘነበሉ።

“አድራለሁ! አድራለሁ!”

“ጌታሁን!”

“አቤት እማዬ!” አለ ጌታሁን፤ የኋላውን በር እጀታ በሁለት እጁ ይዟል።

“ሥራ ትፈልጋለህ?”

“ዛሬውኑ!”

ድሬዳዋ እስክንደርስ ድረስ በቤተሰባችን ውስጥ ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ ጉዳይ ሁሉ ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤት እንዲህ በፍጥነት ሲሠራ አላየሁም።

በሰዓቱ ደረስን። እሳቸው ወደ ሐኪሙ ሲገቡ፣ በሚቀጥለው ቀን ፋሻው እስኪፈታ እዚያው ያለች እህታቸው ቤት እንደሚያድሩ ተስማማን። እኔና ጌታሁን፣ ያለ እሳቸው ወደ ግራ የሚስበውን ፒክአፕ ወደ አንድ አላይመንት ቤት ገፋነው ማለት ይቀላል። ባለቤቱ በሙቀቱ ሸሚዙን አውልቆ ተቀምጧል። ፒክአፑን ሲያይ ተነሳ። ዞረው። ከሥሩ ገባ። ከሥሩ ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ የጎረቤቱን ጎሚስታ ጠራ፤ ጎሚስታው ገብቶ ሳቀ። ሻይ የምትሸጠዋን ሴት ሳይቀር ጠሩ። ሴትዮዋ አልገባችም፤ እኔን አይታ ሳቀች።

“ማን ሠራልህ?” አለኝ ወጥቶ።

“ባለሙያ።”

“የግራው ብረት ሌላ፣ የቀኙ ሌላ። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። መኪናህ እያነከሰ ነው የኖረው።”

“አላይመንት ሥራልኝ።”

“እነዚህን ሳላወልቅ እጄን አላሳርፍበትም። ከፍ ብለህ የምትሄድበት አገር አለህ?”

ሰናይትም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር። “አውልቀው” አልኩ።

አወለቀው። ፒክአፑ ዝቅ ሲል እኔም ዝቅ አልኩ፤ በእውነት እፎይ አልኩ። አላይመንቱም ተሠራ፤ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ጌታሁን ግን የዘውዱን ብረቶች በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሲጭን አየሁት። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ስጠይቀው “ለምክር ይሆናል” አለኝ።

በማግስቱ እትዬ የሺመቤት የአንዱ ዓይናቸው ፋሻ ተፈትቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርገው በሐኪም ቤቱ በር ብቅ አሉ። ፊቴን ትክ ብለው አዩት። ልጃቸውን ካገባሁ ብዙ ጊዜ ነው፤ ሞራው ሳይከብድ ያዩኝ ግን ድሮ ነው።

“አንተ ነህ?” አሉ።

“እኔ ነኝ።”

“በድምፅህ ይሻል ነበር።”

ጌታሁን ከፊት ወንበር ሊነሳላቸው ሲል ተዉት አሉና ራሳቸው ከኋላ፣ ከእኔ ጀርባ በግራ በኩል ገቡ። መኪናው ወደ ግራ አላለም፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። እሳቸውም መንገዱን ሙሉ አዩ። ፍየል ሲያዩ ይናገራሉ፤ ባጃጅ ሲያዩ ይናገራሉ፤ መስመር ስስት ይናገራሉ። ከሞራው ጋር የኔም ሰላም ተነቅሎ የወጣ መሰለኝ።

ደንገጎ ጫፍ ስንደርስ “አቁም” አሉኝ። ደነገጥኩ። ወርደው መንገዱ ዳር ሄዱ፤ ከሥራቸው ያለውን ገደል፣ የሚጠማዘዘውን መንገድ፣ እዚያ ታች ጉንዳን የሚያህሉትን መኪኖች ቁልቁል አዩ። ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ።

“በዚህ ነው ያወረድከኝ?”

“በዚህ ነው።”

“እኔም በዚህ ላይ ነው ሳዘነብል የነበረው?”

“አዎ፣ እማማ።”

እጃቸው ክንዴን ፈልጎ ያዘ፤ አጥብቆ ያዘ። አማተቡ። ከዚያ እጃቸውን ለቀው ወደ መኪናው ተመለሱ።

ቤታቸው በር ላይ ሲወርዱ ዞር አሉ።

“ቅዳሜ ገበያ አለኝ” አሉኝ። “በጠዋት ና። በአማችነት ነው የምሄደው፤ በጆንያነት አይደለም።”

ቅዳሜ በጠዋት ሄድኩ። ከኋላ በፈለጉት በኩል ተቀመጡ፤ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ፤ እስከ ሸዋ በርም ድረስ እንዴት መንዳት እንዳለብኝ ነገሩኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መኪና እንዲህ ተሳቅቄ ነድቼ አላውቅም።